ሰርዶው የማን ነው?

ሰርዶ ከላይ ሲያዩት ተራ ሣር ነው። ከሥሩ ግን እርስ በርሱ ተጠላልፎ መሬቱን ጨምድዶ ይይዛል። ያለመደው በሬ ከገባበት ይደናበራል፣ ትልሙ ይጣመማል፣ ገበሬውም ሲጮህ ይውላል። እዚያው ተወልዶ እዚያው ያደገ በሬ ግን መሬቱን ያውቀዋል። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» የተባለው ለዚህ ነው። ሽማግሌዎች የአንድን መንደር ጠብ የመንደሩ ሰው ይፍታው ሲሉ ይጠቅሱታል፤ የአካባቢውን ሌባ የአካባቢው ሰው ይይዘዋል ለማለትም ያገለግላል። አንዳንዴ ደግሞ ማዕድ ላይ ይመጣል። ለትምህርት አውሮፓ የሚሄድ ልጅ ሻንጣው ውስጥ ሽሮና በርበሬ ሲታጨቅለት፣ «የእነሱን ምግብ እነሱ ይብሉት፤ ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ይባላል።

ሽሮው መያዙ ደግ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያሻግራል። ተረቱ ለዚህ መዋሉ ግን አይዋጥልኝም።

የተማርኩት ሃንጋሪ፣ ሴገድ ነው። ሴገድ በአገሪቱ ደቡብ በቲሳ ወንዝ ዳር ያለች የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። የሃንጋሪ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2013 የጀመረው የነፃ ትምህርት ዕድል ብዙ የውጭ ተማሪ ወደዚያ አገር ይወስዳል፤ ኢትዮጵያውያንም አሉበት። ከተማዋ ከዩኒቨርሲቲዋ ባላነሰ የምትታወቀው ፓፕሪካ በሚሉት ቀይ በርበሬ ነው። እንደ እኛ በርበሬ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ አይገባበትም፤ በርበሬው ብቻውን ደርቆ ይፈጫል። መልኩ ደማቅ ነው፤ አብዛኛው አያቃጥልም፣ እንዲያውም ጣፈጥ ይላል።

በማደሪያችን የጋራ ማዕድ ቤት አንድ የሃንጋሪ ልጅ ፖርኮልት የሚባለውን ወጣቸውን ሲሠራ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። በልማዳቸው የሚጀመረው በአሳማ ስብ ነው፤ እኔ እንደማልበላ ስለሚያውቅ በዘይት ጀመረው፣ ሥጋውንም የበሬ አደረገው። ሽንኩርቱን አድቅቆ ከተፈ፤ ብዛቱ ለዶሮ ወጥ የሚከተፈውን ያህል ነበር። በዝግታ አቁላላው፣ አልቸኮለም። ሽንኩርቱ ሲለሰልስ ድስቱን ከእሳት አወረደና ፓፕሪካውን ጨመረ፤ ፈጥኖ አማስሎ ሥጋውንና ጥቂት ውሃ ጨመረበትና መልሶ ጣደው። ለምን እንዳወረደው ስጠይቀው፣ በርበሬው ውስጥ ያለው ስኳር ቶሎ ያርራል፣ ካረረ ደግሞ ይመራል አለኝ። እናቶቻችን ቁሌቱ ላይ ውሃ ጠብ እያደረጉ የሚያማስሉት ይህንኑ ፈርተው ነው። የድስቱን ክዳን ሲከፍት የወጣው ሽታ ባዕድ አልሆነብኝም።

ይህ በአጋጣሚ የመጣ መመሳሰል አይደለም። የበርበሬ የትውልድ አገሩ አሜሪካ ነው። ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ባሕሩን እስኪሻገር ድረስ አውሮፓም አፍሪካም አያውቁትም ነበር። ሃንጋሪዎች ያገኙት በኦቶማን ቱርኮች ዘመን ነው፤ ለእኛም ከባሕር ማዶ ደርሶን ነው የወጣችን ራስ የሆነው። እነሱ «የእኛ» የሚሉት፣ እኛም «የእኛ» የምንለው ሰርዶ ሁለታችንም ዘንድ በእንግድነት የገባ ነው። ታዲያ ያገሩ በሬ የቱ ነው?

መወለድም ቢሆን ለብቻው የሚበቃ አይመስለኝም። በሴገድ ያስተምር የነበረው ሳይንቲስት አልበርት ሴንት ጆርጂ ራሱ እንደተረከው፣ አንድ ምሽት ሚስቱ ለራት እሸት ፓፕሪካ አቀረበችለት። መብላቱ አላሰኘውም፤ ይዞት ወደ ላቦራቶሪው ሄደ። እዚያም በቪታሚን ሲ የተሞላ ሆኖ አገኘው፤ እ.ኤ.አ. በ1937 የኖቤል ሽልማት ባገኘበት ሥራ ውስጥ የዚህ ምርምር ድርሻ ትልቅ ነው። ያገሩ በሬ ያገሩን ሰርዶ ያልፈለገበት ምሽት ነበር ማለት ነው።

ተረቱ እውነት የሚሆንበት ቦታም አለ፤ እሱን መካድ አልፈልግም። ሃላስሌ የሚሉት የዓሣ ሾርባ ሴገድ ላይ ትናንሽ ዓሣዎች ከሽንኩርት ጋር ተቀቅለው፣ በወንፊት ተጠልለው፣ በፓፕሪካ ቀልተው ይዘጋጅና የካርፕ ዓሣ ቁራጭ ይገባበታል። የካርፕ አጥንት ቀጭን ነው፣ ብዙም ነው። ብቻውን ተቀምጦ የሚበላው እንግዳ ሁለት ጊዜ ከጎረሰ በኋላ ይተወዋል። የአገሩ ሰው አብሮት ካለ ግን ዳቦውን ያቀብለዋል፣ መጀመሪያ መረቁን አስቀምሶ ዓሣውን እንዴት ቀስ ብሎ እንደሚፈለቅቅ ያሳየዋል። እዚህ ላይ ተረቱ ራሱ የዘለለው ነገር ትዝ ይለኛል፦ ቀንበር ለሁለት በሬ ነው። ያልተገራ ወይፈን ከለመደው በሬ ጋር ተጠምዶ ነው እርሻ የሚማረው፤ ገበሬም «ያገሩ አይደለም» ብሎ ከበረት አያስቀረውም። ተማሪም እንዲሁ ነው። ሻንጣውን ተማምኖ ክፍሉ ውስጥ ለብቻው የሚበላ ልጅ የሚያጣው ምግቡን ብቻ አይደለም፤ ድስቱን ከእሳት አውርዶ ምክንያቱን የሚያስረዳውን ጓደኛም ያጣል።

ሁሉን ውደድ ማለቴ አይደለም። አይባቸውን ስኳር ጨምረው በቸኮሌት ሸፍነው የሚሸጡት ቱሮ ሩዲ ለእነሱ የልጅነት ጣዕም ነው፤ አይብን ከክትፎና ከጎመን ጋር ለለመደ ምላስ ግን ያስቸግራል። የአሳማው ነገር ደግሞ የሃይማኖት ነው፤ ተማሪ «ማርሃ» ወይስ «ሸርቴሽ»፣ የበሬ ነው ወይስ የአሳማ ብሎ መጠየቅ በመጀመሪያው ሳምንት መልመድ አለበት። ሲጠየቁ የሚቀየሙ ሰዎች አላጋጠሙኝም።

ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ሲጾም፣ በሃንጋሪ ገበያ ቲማቲሙና ገረጣ ያለው ቢጫ ቃሪያ የሚትረፈረፍበት ወቅት ነው። ሽንኩርት፣ ቃሪያና ቲማቲም አንድ ላይ እያቁላሉ ሌቾ ይሠራሉ፤ ስልስ ለሚያውቅ ሰው ማስተዋወቅ አያስፈልገውም። ብዙዎቹ ቋሊማ ወይም እንቁላል ይጨምሩበታል። እዚያ ማዕድ ቤት የተዋወቅሁት ልጅ ግን በጾማችን ሰሞን ቋሊማውን በሌላ መጥበሻ ለራሱ ጠበሰና ትልቁን ድስት በዘይት ብቻ ሠርቶ ለሁላችን አቀረበው።