የሰማይን ወፎች ስለ መመልከት

ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በተራራ ላይ ሲያስተምር ከሰጣቸው ትእዛዛት መካከል፥ ማንም ሰው ተላለፍሁት ብሎ በንስሓ አባቱ ፊት የማይናዘዘው አንድ ትእዛዝ አለ። ይኸውም ወደ ሰማይ ወፎች እንድንመለከት ያዘዘን ነው።

በቅዱስ ማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 6 በቁጥር 26 የተጻፈውን ይህን ቃል የማያውቅ ክርስቲያን የለም። ነገር ግን ቃሉን በሁለት ከፍለን ብናየው፥ ፊተኛው ክፍል መመልከትን ያዛል፤ ኋለኛው ክፍል ደግሞ ወፎችን የሚመግብ የሰማይ አባት መኖሩን ያስታውቃል። እኛ መምህራን ኋለኛውን ይዘን ስለ አለመጨነቅ ብዙ ሰብከናል፤ ፊተኛውን ግን እንደ መንደርደሪያ ቈጥረን አልፈነዋል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፦ ወፍን መመልከት የሥራ ፈት ሰው ልማድ ነውን? ወይስ ነፍስን የሚጠቅም ሥራ ነው? የሚጠቅም ከሆነስ፥ ቃሉን በቃሉ አጥንቶ ከሚያውቀው ሰው ይልቅ ተመልካቹ የሚያገኘው ምንድን ነው?

ይህ ጥያቄ ከመጽሐፍ ተነሥቶ የመጣልኝ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በደቡብ ጎንደር በማገለግልበት ደብር በአንድ እሑድ ይህንኑ ወንጌል አስተማርሁ። ከጉባኤው መካከል በዚያው ክረምት የሰባት ዓመት ልጇ የሞተባት አንዲት እናት ነበረች። ሕዝቡ ከተሰናበተ በኋላ በደጀ ሰላሙ አጠገብ ጠበቀችኝና መስቀል ተሳልማ፥ «አባቴ፥ ወፎቹን እግዚአብሔር ይመግባቸዋል ብለው አስተማሩን። እርስዎ ግን ተመልክተዋቸው ያውቃሉ? እኔ በጓሮዬ አያቸዋለሁ፤ በክረምት ከጎጆአቸው ወድቀው የሚሞቱት ብዙ ናቸው» አለችኝ።

እኔም «እግዚአብሔር ያጽናሽ፥ ልጄ፤ የእርሱ ፈቃድ አይመረመርም» ብዬ አሰናበትኋት። የተናገርሁት ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን የጠየቀችኝን አልመለስሁላትም። የጠየቀችኝ ተመልክቼ አውቅ እንደ ሆነ ነበርና እውነተኛው መልስ «አላውቅም» የሚል ነበር። ዕድሜዬ ከኀምሳ ዓመት አልፏል፤ በቅኔ ቤት ርግብንና ንስርን በሰምና ወርቅ ስንት ጊዜ እንዳስገባሁ አላስታውስም፤ አንዲት ርግብ ጎጆዋን ስትሠራ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይቼ አላውቅም ነበር። ወርቁን ስፈልግ ሰሙን ሳላየው ኖሬአለሁ።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ጸሎተ ኪዳን ካደረስሁ በኋላ በዐጸደ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ከአንድ ወይራ ሥር በድንጋይ ላይ መቀመጥ ጀመርሁ። ጠበል ልረጭ ወይም ሕመምተኛ ልጠይቅ ወደ ምእመናን ቤት በምሄድበትም ጊዜ እርምጃዬን አዘገየሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ያየሁት ጥቂት ነበር፤ ወፎቹ እጄን ባነሣሁ ቍጥር ይሸሻሉ። እየዋለ እያደረ ግን በአንድ ስፍራ ዝም ብዬ መቀመጥን ስማር እነርሱም እንደ ድንጋዩ ቈጠሩኝ። በዚያን ጊዜ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሥዕል ትዝ አለኝ። በትውፊታችን እንደሚነገረው የተጠማች ወፍ ከጻድቁ ዓይን እንባ ጠጥታለች፤ ሠዓልያንም ይህንኑ ይሥላሉ። ወፏ ወደ እርሳቸው የቀረበችው ወጥመድ ስለ ዘረጉላት አይደለም፤ በጸሎት ጸንተው ስለ ቆሙ ነው። እንግዲህ ሌላ ነገር ከመማሬ በፊት ወፎቹ ዝምታን አስተማሩኝ ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ የተማርሁት ወፍ ሥራ ፈት አለመሆኗን ነው። በዐጸዱ ውስጥ ጎጆዋን እንደ ሰሌን የምትሸምን ቢጫ ወፍ አለች፤ ሸማኔው ግን ተባዕቱ ነው። ረጅም የሣር ቅጠል ሰንጥቆ ያመጣል፤ በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ አስቀድሞ ቀለበት ይሠራል፤ ከዚያም በቀለበቱ ላይ ቆሞ ጣራውንና ግድግዳውን በምንቃሩ እያሾለከ ይሸምናል። አንድ ቀን ከኪዳን በኋላ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ 41 ጊዜ ሣር ሲያመጣ ቈጠርሁ። እንደዚሁም ሊቃውንተ ሥነ ፍጥረት በተከዜ ወንዝ ስም የሰየሙት፥ ተባዕቱ በፀሐይ ሲታይ እንደ ሐምራዊ ሐር የሚያንጸባርቅ ትንሽ ወፍ አለ፤ እርሱም ከአበባ ወደ አበባ እየተመላለሰ ማሩን ሲቀስም ይውላል።

ከሁሉ ያስደነቀችኝ ግን ከላይ ጥቁር ከታች ነጭ የሆነች፥ ረጅም ጭራ ያላት፥ በቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ብቻዋን የምትቀመጥ ወፍ ናት። ይህች ወፍ የያዘችውን ፌንጣ አንዳንድ ጊዜ በእሾህ ላይ ሰክታ ታኖረዋለች፤ ቈይታም ተመልሳ ትበላዋለች። ይህን ባየሁ ጊዜ ልቤ ታወከ፤ ለኋላ የምታስቀምጥ ወፍ ካለች ስብከቴ ምን ይሆናል ብዬ አሰብሁ። ወደ ቃሉ ተመልሼ ስመረምረው ግን ጌታ ወፎች አይሠሩም እንዳላለ አስተዋልሁ። አይዘሩም፥ አያጭዱም፥ በጎተራም አያከማቹም አለ እንጂ ከማለዳ እስከ ማታ አይደክሙም አላለም። ያች ወፍም ለዛሬ የተረፈውን በእሾህ ላይ ሰቀለች እንጂ ስለ ከርሞ እየተጨነቀች ጎተራ አልዘጋችም። ሥራ ሌላ ነው፥ ጭንቀት ሌላ ነው። ስለዚህ ይህን ወንጌል ለስንፍናው ምክንያት የሚያደርግ ሰው ወፍን ከቶ ተመልክቶ የማያውቅ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ትምህርት ከመስቀል ወፍ የተገኘ ነው። በአገራችን ለረጅም ጊዜ ተለይቶን የቆየ ወዳጅ ሲመጣ «የመስቀል ወፍ ሆንህ» እንለዋለን፤ ይህች ወፍ በዓመት አንድ ጊዜ ታይታ ትጠፋለች ብለን እናምናለንና። በየአገሩ በዚህ ስም የሚጠራው ወፍ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። በእኛ ደብር ዙሪያ አደይ አበባ በሚፈነዳበት ወራት የምናየው ግን እንደ ከፋይ የጠቆረ ላባ ለብሶ ጀርባውና ትከሻው ቢጫ የሆነ ወፍ ነው። መስቀል ካለፈ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ በየቀኑ እከታተለው ጀመር። ወዴትም አልሄደም። ጥቁሩና ቢጫው ላባ ጥቂት በጥቂት እየረገፈ ዝንጕርጕር ሆነ፤ በኋላም እንደ እንስቲቱ ቡናማ ሆኖ በቃርሚያው መካከል ከድንቢጦች ጋር ተቀላቀለ። ያ ያጌጠ ልብስ ተባዕቱ በመራቢያው ወራት ብቻ የሚለብሰው ነውና።

በእውነት ከሩቅ አገር የሚመጡ ወፎችም አሉ። ከአውሮፓና ከእስያ የብርዱን ወራት ሸሽተው በመስከረምና በጥቅምት ወደ እኛ ይደርሳሉ፤ በመጋቢትና በሚያዝያም ወደየአገራቸው ይመለሳሉ። ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 8 ሽመላና ዋኖስ ጊዜአቸውን ሲያውቁ ሕዝቡ ግን የእግዚአብሔርን ፍርድ አለማወቁን የወቀሰው ስለ እንደነዚህ ያሉት ነው። የመስቀል ወፍ ግን እንዲህ አይደለም፤ ዓመቱን ሁሉ በደጃችን ይኖራል፤ ጌጡን ባወለቀ ጊዜ እኛ ረሳነው እንጂ። የእግዚአብሔርንም ቸርነት እንዲሁ አናደርገውምን? በበዓልና በጥጋብ ቀን አምሮ ሲታየን እናመሰግናለን፤ በቡናማ ልብስ በመጣ ጊዜ ግን ተለየን እንላለን።

ሦስተኛውን ትምህርት የተማርሁት በኀዘን ነው። በሐምሌ አንድ ሌሊት ብርቱ በረዶ ዘነመ። ማለዳ በወጣሁ ጊዜ ከወይራው ሥር ገና ላባ ያላወጣ ጫጩት ወድቆ አገኘሁ። እናቲቱ በምንቃሯ ትል ይዛ ከላይ በቅርንጫፉ ላይ ትጮኽ ነበር። በነጠላዬ ጫፍ ይዤ አሞቅሁት፤ ነገር ግን ጥቂት ቆይቶ ሞተ። ያች እናት የተናገረችው እውነት መሆኑን በእጄ መዳፍ ላይ አየሁት።

ያን ቀን በቅዱስ ማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 10 በቁጥር 29 ጌታ ስለ ድንቢጦች የተናገረውን ገለጥሁ። ብዙ ጊዜ ያነበብሁት ቃል ነው፤ ነገር ግን መውደቅ የሚለውን ቃል በዓይኔ እያለፍሁት ኖሬአለሁ። ጌታ ድንቢጥ አትወድቅም አላለም፤ በምትወድቅበት ጊዜ ያለ አባታችሁ አይሆንም አለ እንጂ። ወፎችን ይመግባል ያለውና ስለ መውደቃቸው የተናገረው አንድ አፍ ነው፤ አንዱን ቃል ከሌላው ለይቶ የሚሰብክ መምህር ግማሹን ወንጌል ሰብኳል። ይህንም የተናገረው ከመከራ ውጭ ቆሞ አይደለም፤ እርሱ ራሱ ስለ እኛ በሥጋው መከራ ተቀብሎ ሞቶ ወደ መቃብር ወርዷል። ስለዚህ የአብ መግቦት ከመውደቅ ሁሉ የሚያስመልጥ ክታብ አይደለም፤ በወደቅንበትም ስፍራ ሳይቀር ሳንረሳ መታሰብ ነው እንጂ።

በማግሥቱ ወደዚያች እናት ቤት ሄድሁ። «ልጄ፥ የጠየቅሽኝን ሳላይ መልሼልሽ ነበር። አሁን አይቻለሁ፤ እውነትሽን ነው፥ ይወድቃሉ» አልኋት። ብዙ አለቀሰች፤ እኔም አልከለከልኋትም። ከዚህ በኋላ ስለ ሁለተኛው ቃል ጥቂት ነገርኋት። በመጨረሻም «ልጄ ሁልጊዜ ጥሬ ይበትንላቸው ነበር፤ እርሱ ካረፈ ወዲህ እኔ እበትናለሁ» አለችኝ። ወፎቹን ስለ ምን ትመለከት እንደ ነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ለእኔ የስብከት ምሳሌ የነበሩት ለእርሷ የልጇ መታሰቢያ ነበሩ።

ምናልባት ከአንባብያን መካከል «ለካህን ሰዓታቱና ቅዳሴው፥ ለምእመንም እርሻውና ንግዱ አይበቃውምን? ወፍ ሲያዩ መዋል ጊዜን ማባከን ነው» የሚል ይኖራል። ይህ ነቀፌታ ሊናቅ አይገባውም፤ ሥራውን ትቶ የሚቀመጥ ሰው በወፍ አመካኝቶ ቢቀመጥ ያው ሰነፍ ነው። ነገር ግን ጻድቁ ኢዮብ በምዕራፍ 12 የሰማይን ወፎች ጠይቁ፥ ይነግሩአችሁማል ያለውን ምክር አስቡ። የማሕሌታችን አባት ቅዱስ ያሬድም ዜማውን የተማረው ከገነት ከተላኩለት ሦስት ወፎች እንደ ሆነ ይተረካል። የዜማችንን መነሻ ከወፍ አንደበት የምንተርክ ሰዎች ወፍን ለመስማት ጊዜ የለንም ብንል እንዴት ይሆናል?

ይሁን እንጂ አመለካከት ሁሉ አንድ አይደለም። አዳኝ ወፍን ይመለከታል፤ የሚያየው ግን ሥጋዋን ነው። ሟርተኛም ይመለከታል፤ ጉጉት በጣራ ላይ ስትጮኽ ሞት ትጠራለች ይላል፤ ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 18 እንዲህ ያለውን ልማድ ፈጽማ ከልክላለች። ሰባኪም ይመለከታል፤ ለስብከቱ ምሳሌ ካገኘ በኋላ ግን ዓይኑን ይመልሳል። እኔም ከእነዚህ እንደ ሦስተኛው ነበርሁ። ሦስቱም በወፏ ውስጥ የሚፈልጉት የራሳቸውን ጉዳይ ነው። ጌታ ያዘዘው መመልከት ግን ፍጥረቱን የእግዚአብሔር እንደ መሆኑ አይቶ፥ ምንም ሳይወስዱበት፥ አመስግኖ መመለስ ነው።

ለልጆቻችንም ይህን እናስተምራቸው። በአገራችን ከ800 የሚበልጡ የወፍ ዓይነቶች ይገኛሉ፤ ልጁ በደጁ ካሉት የዐሥሩን ጠባይ ቢያውቅ ለወንጭፉ ድንጋይ አይለቅምም። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶችዋ ጋር እንዳይወስድ ታዛለች፤ ይህን ለሚጠብቅ የተሰጠው ተስፋም አባትና እናቱን ለሚያከብር ከተሰጠው ተስፋ ጋር አንድ ነው፤ ይኸውም መልካም እንዲሆንለትና ዕድሜው እንዲረዝም ነው።

ዐጸደ ቤተ ክርስቲያናችንንም እንጠብቅ። በሰሜኑ አገራችን በብዙ ስፍራ ደን የቀረው በደብሩ ቅጥር ዙሪያ ብቻ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት በእርሻ መካከል እንደ ደሴት ይታያል። ወፎቹም ውለታ መላሾች ናቸው፤ የወይራውንና የጥዱን ፍሬ በልተው ዘሩን በሌላ ስፍራ ይጥሉታል፤ ካህናት ያልተከሉት ችግኝም ከዚያ ይበቅላል። መዝሙረኛው በመዝሙር 83 በመሠዊያው አጠገብ ቤት ያገኘችውን ወፍ ብፅዕት እንደ ሆነች አድርጎ ያስባታል፤ እኛ ግን ዛፉን ቈርጠን ብናሳድዳት በማን ቤት ትጠለላለች?

የተወደዳችሁ አንባብያን ሆይ፤ ነገ ማለዳ ከጸሎት በኋላ ጥቂት ጊዜ በደጃችሁ ዝም ብላችሁ ቁሙ። ያን ቀን የምታዩት አንዲት ድንቢጥ ብቻ ብትሆን አትናቋት። ስትበላ ካያችኋት የሚመግባትን አመስግኑ፤ ወድቃ ካገኛችኋትም በመውደቋ ያልተለያትን አስቡ። ሰው ኀዘን ደርሶበት ወደ እናንተ ሲመጣም ከመናገራችሁ አስቀድማችሁ ተመልከቱት።

ቃሉን ሰምተን እንድንመለከት፥ ተመልክተንም እውነቱን እንድንናገር አምላካችን ይርዳን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።