እሷኑ ጠይቋት

አንዲት ነፍሰ ጡር ጤና ጣቢያ ትገባለች። መስማት የተሳናት ናት፤ ታናሽ እህቷ አብራት አለች። አዋላጇ ካርዱን ተቀብላ ቀና ትልና እህቲቱን ታያለች። «ስንት ወሯ ነው? ደም ታይቷታል? የመጀመሪያዋ ነው?» እህቲቱ የምታውቀውንም የማታውቀውንም ትመልሳለች። ነፍሰ ጡሯ አንዴ የአንዷን፣ አንዴ የሌላዋን ከንፈር ታያለች። ምርመራው ያልቃል፣ ኪኒን ይታዘዛል። ኪኒኑ ለምን እንደሆነና ስንት ጊዜ እንደሚዋጥ የሚነገረው ለእህቷ ነው። የአንዲት ሴት የማኅፀን ጉዳይ በሁለት ሰዎች ተወርቶ አለቀ፤ ባለጉዳይዋ ግን ከሁለቱ አንዷ አልነበረችም።

እዚህ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። አዋላጇ ወረፋ በዝቶባታል፤ እህትም ከሥራዋ ቀርታ ልትረዳ ነው የመጣችው። የሚያስጨንቀኝም ይኸው ነው። አካል ጉዳተኛ ሴቶችን ከገዛ ኑሯቸው የሚያርቃቸው አብዛኛው ነገር የሚፈጸመው በደግ ሰዎች እጅ ነው። መንገድ ዳር ታክሲ የምትጠብቅ ዓይነ ስውር ሴት መዳፍ ላይ ሳንቲም ጣል አድርጎ የሚያልፈው ሰው ክፋት አላሰበም። ቦርሳዋን አንግታ ከሥራ ወጥታ ወደ ቤቷ እየሄደች ይሆናል ብሎም ግን አላሰበም። ሳንቲሙን ብትመልስለት ደግሞ ትዕቢተኛ ትባላለች።

«ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» ይላል የአገሬ ሰው። በአካል ጉዳተኛ ሴት ጉዳይ ግን ሁላችንም ከባለቤቷ በላይ አዋቂ ነን፤ እናት፣ ወንድም፣ ሐኪም፣ የባንክ ሠራተኛ፣ ሽማግሌ፣ የንስሐ አባት ሳይቀር። መማር አለመማሯን፣ ማግባት አለማግባቷን፣ መውለድ አለመውለዷን እኛ እናውቅላታለን። ስለዚህ የምመክረው ነገር አጭር ነው፤ እሷኑ ጠይቋት። አጭር ይሁን እንጂ ቀላል አይደለም፤ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከቤት ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ አካል ጉዳተኛ ተብለው የተመዘገቡት ከመቶ ሰው 1 ያህል ብቻ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ባወጣው ግምት ደግሞ በዓለም ላይ ከመቶ ሰው 15ቱ አንድ ዓይነት ጉዳት አለበት። ኢትዮጵያ ተለይታ የዳነች አገር ስለሆነች አይደለም። የጥያቄው አቀራረብ የራሱ ድርሻ ይኖረዋል፤ ቆጣሪው በር ላይ ቆሞ ሲጠይቅ «የለም» ብሎ የመለሰ አባወራም አለ። ልጅቱ ጓዳ ናት። ጓዳ ያለችውም ሥራ ፈትታ አይደለም፤ ሽሮ የምታማስለው፣ የወንድሟን ልጅ የምታዝለው እሷ ናት። ለትምህርት ሲሆን «አትችልም»፣ ለወጥ ሲሆን «እጇ ይጣፍጣል»።

የትነበርሽ ንጉሤን የማያውቅ ጥቂት ነው። ወሎ ተወለደች፤ በ5 ዓመቷ የዓይኗን ብርሃን አጣች። ሻሸመኔ ወደሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተላከች፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማረች፣ በ2010 ዓ.ም. አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ካገኙት አንዷ ሆነች። ራሷ በአደባባይ እንደተናገረችው፣ ዓይነ ስውር መሆኗ ከልጅነት ጋብቻ አስመልጧታል። እንግዲህ ዓይኗ ቢያይ ኖሮ ገና በልጅነቷ ትዳር ይጠብቃት ነበር ማለት ነው። ሰዎች ይህን እንደ ደስ የሚል ታሪክ ሲያወሩት እሰማለሁ። እኔን ያሳፍረኛል። ከዚህም የባሰው ስሟን እየጠሩ ጓዳ የቀረችውን ልጅ «እሷ ችላ የለም እንዴ? አንቺስ ምን ሆንሽ?» ማለት ነው። የትነበርሽ ያገኘችው ትምህርት ቤት ነው፤ ይህችኛዋ ያጣችውም እሱኑ ነው።

ጋብቻን ካነሳን አይቀር፣ ዓይነ ስውር ወንድ ሚስት ሲፈልግ ዘመድ ሁሉ «የምትንከባከበው ትገኝለት» ብሎ ይነሳለታል። ዓይነ ስውር ሴት ባል ልታገባ ስትል የሚነሳው ጥያቄ «ልጁ ምን አይቶ ነው?» የሚል ነው። ይህን ለማብራራት ብዙ ቃል አያስፈልግም።

ወደ ባንክ እንሂድ። ደብተሩ በስሟ ነው፣ ደመወዙም የላቧ ዋጋ ነው። ገንዘቧን ልታወጣ መስኮቱ ጋ ስትደርስ «ሰው ይዘሽ ነይ» ትባላለች። ለምን ብላ የጠየቀች እንደሆነ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1728 ሊጠቀስላት ይችላል። ዓይነ ስውር ወይም ማንበብ የማይችል ሰው በውል ላይ የፈረመው ፊርማ በአዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ አያስገድደውም የሚል ነው። ሕጉ የታሰበው አታላይ ባላነበበችው ወረቀት እንዳያስፈርማት ነበር። መስኮቱ ጋ ሲደርስ ግን ባለገንዘቧን ከገንዘቧ መከልከያ ሆነ። ይዛው የምትመጣው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ወንድሟ ወይም ጎረቤቷ ነው፤ ያን ቀን ስንት ብር እንዳላት ያውቃል፣ ማታውኑ ብድር ይጠይቃታል። የባንክ ሠራተኛ የሆንሽ እህቴ፣ ቅጹን አንብቢላት፤ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ ከኋላዋ ለተሰለፈው ሳይሆን ለእሷ። ብሩን ስትሰጫት መቶውን ለብቻ፣ ሃምሳውን ለብቻ አድርጊና ይህ መቶ ነው፣ ይህ ሃምሳ ነው በያት። ከዚህ የሚበልጥ ነገር አልጠየቀችሽም።

«ታዲያ አንርዳ ወይ?» የሚል ይኖራል። እርዱ እንጂ። ነሐሴ 2016 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ በፓራሊምፒክ ያየሽ ጌቴ በ1500 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራ ወርቅ ስታጠልቅ፣ ጎኗ የሚሮጥ መሪ ነበራት፤ እጅ ለእጅ በአጭር ገመድ ተያይዘው። ትዕግሥት ገዛኸኝ ከዚያ 3 ዓመት በፊት ቶኪዮ ላይ በዚሁ ርቀት ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ አምጥታ ነበር፤ የእሷ ምድብ ግን በከፊል የሚያዩ ሯጮች ስለሆነ ያለ መሪ ነው የሮጠችው። የመሪ ሯጭ ሕግ ጥብቅ ነው። ሯጯን መጎተት አይፈቀድለትም፤ መግፋትም አይፈቀድለትም፤ የመጨረሻውን መስመር ቀድሟት ካለፈ ውጤቷ ይሰረዛል። ያለ እሱ መሮጥ አትችልም፤ ሩጫው ግን የእሷ ነው። ድጋፍ እንዲህ ከሆነ ማንም አይጠላውም። መንገድ ስታሻግሯት ክንዷን ጨምድዳችሁ አትንጠልጥሏት፤ ክርናችሁን አቅርቡላት፣ እሷ ትያዛችሁ። ዊልቸሯን ሳትጠይቁ አትግፉት። «ልርዳሽ?» በሏትና «አይ፣ አመሰግናለሁ» ካለቻችሁ ምንም አልተሰደባችሁም፣ መንገዳችሁን ቀጥሉ።

ስለ ሕንፃ ብዙ አልልም፤ የ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ መግቢያ እንዲኖረው ካዘዘ ቆይቷል፤ የቀረው መፈጸም ነው። አንድ ነገር ብቻ ልናገር፤ ወንድ ባለሥልጣን ሁልጊዜ የሚረሳው ነው። የመጸዳጃ ቤቱ በር ዊልቸር የማያስገባ ከሆነ ሴቲቱ ከቤቷ ለመውጣት ስታስብ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አትጠጣም። የወር አበባዋ በመጣ ቀን ደግሞ ጭራሽ ትቀራለች። «አካል ጉዳተኛ ሴቶች ስብሰባ ላይ አይገኙም» ተብሎ ሪፖርት ከመጻፉ በፊት በሩን በሜትር ለክቶ የሚያይ ሰው ይላክ።

አሁን ወደሚከብደው ነገር። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው የ2000 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 568 አሠሪው አካል ጉዳተኛ ሴት ሠራተኞችን ከፆታዊ ጥቃት እንዲጠብቅ ግዴታ ጥሎበታል። ሕግ አውጪው ይህን ለብቻው ማንሳቱ ያለ ምክንያት አይደለም። አጥቂው የሚመርጠው መናገር አትችልም ያላትን፣ አታየኝም ያላትን፣ ብትናገርም አትታመንም ያላትን ነው። ብዙ ጊዜም ጨለማ ውስጥ የሚጠብቅ እንግዳ ሳይሆን ቤት የሚገባ፣ ቡና የሚጠራ ሰው ነው። ነገሩ የተሰማ ዕለት ሽማግሌ ይቀመጣል። «ስሟ ይጠፋል»፣ «ቤተሰቡ ይዋረዳል»፣ አንዳንዴም «ያግባት»። ካሳ ተቆርጦ፣ ይቅርታ ተባብሎ፣ ምሳ ተበልቶ ይበተናል። ልጅቱ እዚያ ሸንጎ ላይ አልተቀመጠችም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 በሕመም ወይም በሌላ ምክንያት ራሷን መከላከል ያልቻለችን ሴት የደፈረ ሰው ከ5 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል ይላል። ሽማግሌዎቻችን ሆይ፣ ድንበር የገፋውን ገበሬ አስታርቁ፤ ባልና ሚስትን አስታርቁ። ይህን ግን ተዉት፤ እናንተ የምትዳኙት ጉዳይ አይደለም። ቤተሰብም ልብሷን ሳታጥቡ፣ ገላዋን ሳታስታጥቡ ሐኪም ጋ፣ ከዚያም ፖሊስ ጋ ውሰዷት። በምልክት ቋንቋ የሚያስተረጉምላት ሰው የቤት ሰው ባይሆን ይመረጣል፤ ለወንድሟ ወይም ለአጎቷ ሚስት የማትነግረው ነገር ይኖራልና። ለመርማሪውም አንድ ቃል አለኝ። «ካላየሽው እንዴት አወቅሽው?» ብለህ አትጀምር። ከልጅነቷ ጀምሮ ሰውን በድምፁ፣ በኮቴው፣ በጠረኑ ስትለይ የኖረች ሴት ናት። እንዴት እንደለየችው ጠይቃትና የምትለውን ጻፍ።

ለሴቶች ማኅበራት መሪዎችም ወቀሳ አለኝ። ማርች 8 ላይ አዳራሹ ሙሉ ነው፣ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ የለም። በአካል ጉዳተኞች ማኅበራት በኩል ደግሞ ንግግሩን የሚያደርጉት አብዛኛውን ጊዜ ወንዶቹ ናቸው። ሴቶቹ የራሳቸውን ብሔራዊ ማኅበር ማቋቋም ያስፈለጋቸው ሁለቱም ቤት ስለጠበባቸው ይመስለኛል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ለእነሱ ለብቻቸው አንድ አንቀጽ፣ 6ኛውን፣ ሰጥቷቸዋል። በቀጣዩ ስብሰባችሁ አጀንዳው ተጽፎ ካለቀ በኋላ ሳይሆን ከመጻፉ በፊት ጥሯቸው።

ቀላል አይደለም ያልሁትን አልረሳሁም። 30 ዓመት ሙሉ ማንም ያልጠየቃትን ሴት ዛሬ «ምን ትፈልጊያለሽ?» ብትሏት መልሷ «እናንተ እንዳላችሁ» ሊሆን ይችላል። ወይም ዓይኗን ወደ እናቷ ትመልሳለች። ያኔ «አየህ፣ ጠይቀናት እኮ ነበር» ብላችሁ እንዳትነሱ። የቀይ ቀሚስና የአረንጓዴ ቀሚስ ምርጫ እንኳ ተሰጥቷት የማታውቅ ሰው ስለ ቀዶ ሕክምና በአንድ ጊዜ ልትወስን አትችልም። ከትንሹ ጀምሩ፤ ደጋግማችሁ ጠይቁ፤ ለመልሷም ጊዜ ስጡ። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባት ሴትም የምትወደውንና የምትፈራውን ታውቃለች። በአጭር ቃል፣ በሥዕል፣ በምታምናት ሰው በኩል ልትነግራችሁ ትችላለች፤ የምታምናትን ሰው የምትመርጠው ግን ራሷ ትሁን። እናትዬው እስካለች ሁሉም ነገር በእናት በኩል ያልፋል፤ እናት ስታርፍ ምን ይሆናል የሚለውን ማንም አፍ አውጥቶ አይጠይቅም።

ዕድር ያላችሁ ሁሉ፣ በሚመጣው ወር ስብሰባ መዝገቡን አስገልጡ። ብዙ ቦታ አካል ጉዳተኛዋ ልጅ በአባቷ ወይም በወንድሟ አባልነት ሥር ናት፤ እሱ የሞተ ዕለት ድንኳኑ ለእሱ ይተከላል፣ ለእሷ ግን ከዚያ ወዲያ የሚከፍልም የሚቆምም የለም። በስሟ ትመዝገብ፤ መዋጮዋን ራሷ ትክፈል፤ የሐዘንተኛ ቤት ተራ ሲደርሳትም ተራዋን ትውጣ። ጸሐፊው ሙሉ ስሟን ሲጠይቅ ወንድሟ ከመለሰለት «ቆይ አንተ» በሉት፤ እዚያው ተቀምጣለች።