መቀስ ያረፈበት ምስክር

አንድ ሰው በገንዘቡ በገዛው ዕቃ ላይ ያለው መብት እስከ ምን ድረስ ነው? ገዝቶታልና ማጥፋትም ይችላል? ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። የራሱን ሸሚዝ የቀደደን ሰው ማን ይከሰዋል? ነገር ግን ሸሚዙ በዓለም ላይ አምሳያ የማይገኝለት፣ ቀዳጁም ለትርፍ ብሎ የቀደደው ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ዛሬ ለውድ አንባቢያን የማቀርበው ጉዳይ የተነሳው በአሜሪካ የስፖርት ዓለም ነው። ከእኛ የራቀ ቢመስልም ስለ ባለቤትነትና ስለ ምስክርነት የሚያነሳው ጥያቄ ለእኛም የሚሆን ነው ብዬ አምናለሁ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሜሪካውያን የስፖርተኞችን ምስል የያዙ ትንንሽ ካርዶችን ሲሰበስቡና ሲለዋወጡ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ካርዶቹ መጀመሪያ ከሲጋራ ጋር፣ በኋላም ከማስቲካ ጋር ይመጡ ነበር፤ እየቆየ ግን ራሳቸውን የቻሉ ሸቀጥ ሆኑ። አሳታሚው በዛ፣ ካርዱ ከልክ በላይ ታተመ፣ ገበያውም ቀዘቀዘ። ገዢውን መልሶ ለመሳብ አዲስ ነገር መፈለግ ግድ ሆነ። በ1990ዎቹ አጋማሽ አፐር ዴክ የተባለው ኩባንያ ተጫዋቾች የለበሱትን ማሊያ በመቀስ እየቆራረጠ፣ ቴምብር የምታክል ብጫቂ በካርዱ ውስጥ እየሸጎጠ መሸጥ ጀመረ። በ1997 በቤዝቦል ካርዶቹ ውስጥ የኬን ግሪፊ ጁኒየርና የቶኒ ግዊን ማሊያ ቁራጮች ወጡ። ዕድለኛው ፓኬቱን ሲቀድ የሚያደንቀው ሰው ልብስ እጁ ላይ ይወድቃል። ሐሳቡ ተወደደ።

እስከዚህ ድረስ ጉዳት አለ ለማለት ያስቸግራል። በሕይወት ያለ ተጫዋች በአንድ የውድድር ዘመን ብዙ ማሊያ ይቀያይራል፤ አንዱ ቢቆረጥ ሌላው አለ። ክርክሩ የጋለው መቀሱ ወደ ሙታን ልብስ ሲዞር ነው።

ቤብ ሩት (1895–1948) ለአሜሪካ ቤዝቦል፣ ፔሌ ለእግር ኳስ እንደሆነው ያለ ሰው ነው። በ1999 አፐር ዴክ ሩት የተጫወተበትን የመምቻ ዱላ በ23,000 ዶላር ገዝቶ እየሰነጠቀ በካርድ ውስጥ አደረገው። በ2003 ደግሞ ዶንሩስ የተባለው ተፎካካሪው፣ ሩት በ1925 ለብሶት የነበረን ማሊያ በጨረታ በ264,210 ዶላር ገዛ። ሩት ከለበሳቸው ማሊያዎች እስከ ዛሬ የተረፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ኩባንያው ይህን አንዱን ወደ 2,100 ቁራጭ እንደሚከፋፍለው አስታወቀ። ብዙ ሰብሳቢዎች ተቃወሙ፣ ጋዜጦች ጻፉ፤ ማሊያው ግን ተቆረጠ። ሒሳቡን ለሠራው፣ ለኩባንያው እያንዳንዷ ብጫቂ 126 ዶላር ገደማ ብቻ ወጥታባታለች።

ይህንን ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ሳጫውተው እኔን የሚያሳፍር የመሰለውን ጥያቄ አመጣ። «ታዲያ ምን ይሁን? ማሊያው በአንድ ሀብታም ካዝና ውስጥ ተቆልፎ ከሚቀር 2,100 ሰው ቢካፈለው አይሻልም? አንተ እኮ የምትቆረቆረው ለሀብታሙ ነው!» አለኝ።

ቆራጮቹ ከሚያቀርቧቸው መከራከሪያዎች ሁሉ ጠንካራው ይሄ ነው፤ በቀላሉ የሚታለፍም አይደለም። ከአንድ ሰው ይልቅ ብዙ ሰው እንዲጠቀም ማድረግ መልካም መሆኑን ማን ይክዳል? ነገር ግን ማሊያ የቅርጫ በሬ አይደለም። በሬ ሲታረድና ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ ባለ መደብ የሚደርሰው ሥጋ ነው፤ የፈለገውም ሥጋውን ነው። ማሊያው ሲከፋፈል ግን ለማንም ማሊያ አይደርሰውም። አንገቱ ላይ የተሰፋው ስም፣ የተጠገነው ክንድ፣ ዕድፉ ያረፈበት ቦታ፣ ቁመቱና ስፋቱ (ሩት ግዙፍ ሰው ነበር) ሁሉም በአንድነት ሲታዩ ስለ አንድ ሰው ይናገራሉ። ቴምብር የምታክለው ብጫቂ ስለ ማንም አትናገርም። ከዚህም ሌላ፣ ከካዝናና ከመቀስ በቀር መንገድ የለም ያለው ማነው? ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ በምትገኘው ኩፐርስታውን የቤዝቦል ሙዚየም አለ። እዚያ ያለውን ዕቃ ሕዝብ ሳይቆርጠው ይካፈለዋል።

እዚህ ላይ ሙስሊም አንባቢ አንድ ጥያቄ ሳያነሳብኝ አይቀርም። የካዕባ ልብስ፣ ኪስዋ፣ በየዓመቱ ሲቀየር አሮጌው ተቆራርጦ ለእንግዶችና ለተቋማት ይሰጥ የለምን? እውነት ነው፤ ይሰጣል። የወረደው ኪስዋ ምን ይደረግ በሚለው ላይም ዑለማዎች ከጥንት ጀምሮ ተነጋግረውበታል። ይህ ምሳሌ ግን እኔን ይረዳኝ እንደሆን እንጂ አይጎዳኝም። ኪስዋው የሚወርደው አዲስ ስለተሸመነ ነው። በግብፅ ተሠርቶ በሚላክበት ዘመንም ሆነ መካ ውስጥ በሚሠራበት በዛሬው ጊዜ፣ አንዱ ሥራውን ጨርሶ ሲወርድ ሌላው ይተካል። ካዕባን ያከበረው ጨርቁ አይደለም፤ ጨርቁ ነው በካዕባ የተከበረው። ስለዚህ ጨርቁ ሲቆረጥ የጠፋ ነገር የለም። የ1925ቱን ማሊያ ግን ማን ይሸምነዋል? ክርክሬ ከመቁረጥ ጋር ሳይሆን ምትክ የሌለውን ከመቁረጥ ጋር ነው።

ወደ ማሊያው ይበልጥ የሚቀርበው ሌላ ታሪክ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን በታብሪዝ ለሻህ ጠህማስብ የተዘጋጀ፣ 258 ሥዕሎች የነበሩት የሻህናማ ቅጂ ነበር። በእጅ ከተሠሩ የፋርስ መጻሕፍት ሁሉ ታላቁ የሚሉት ብዙ ናቸው። በ1959 አርተር ሆውተን የተባለ አሜሪካዊ ባለጸጋ ገዛውና ጥራዙን ፈታው። 78 ሥዕሎች ለኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ተሰጡ፤ ሌሎቹ ቅጠል በቅጠል እየተነጠሉ በየጨረታው ተቸበቸቡ። የተረፉት 118 ሥዕሎች በ1994 በአንድ የዴ ኩኒንግ ሥዕል ተለውጠው ወደ ኢራን ተመለሱ። በ2011 ለንደን ውስጥ አንዱ ቅጠል ብቻውን ከ7 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አወጣ። አስተውሉ! ያለ አዋጅም ያለ ጨረታም በእኛ አገር የብራና መጻሕፍት ላይ ለቱሪስት ተብሎ የደረሰው ከዚህ የተለየ አይደለም።

ያም ሆኖ ሆውተን ከማሊያ ቆራጮቹ የተሻለ አደረገ ለማለት እገደዳለሁ። የመጽሐፍ ቅጠል ቢነጠልም ይነበባል። ጽሑፉ፣ ሥዕሉ፣ የቀለሙ ዓይነት ከየት እንደመጣ ይመሰክራል። የተበተኑትን ቅጠሎች ፎቶግራፍ አሰባስቦ በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ይቻላል፤ ተደርጓልም። ከ2,100 የማሊያ ብጫቂዎች ግን ማሊያ አይሰበሰብም። የብዙዎቹ ገጽታ አንድ ነው፤ ከየትኛው የማሊያው ክፍል እንደተቆረጡም አይታወቅም።

የነገሩ ሁሉ ማዕከል ይህ ይመስለኛል። የሐዲስ ሊቃውንት አንድ ዘገባ ሲቀርብላቸው ቃሉን ብቻ አይመለከቱም። ማን ከማን ሰማ፣ ሰንሰለቱ የት ተነሥቶ የት ደረሰ ብለው ኢስናዱን ይመረምራሉ። በመካከሉ ሰው የጎደለበትን ዘገባ «ሙንቀጢዕ» ይሉታል፤ ቃሉ በዐረብኛ የተቆረጠ ማለት ነው። ሰንሰለቱ የተቆረጠ ዘገባ ይዘቱ ቢያምርም ማስረጃ ለመሆን ይቸገራል። ማሊያንም በዚሁ መንገድ እመለከተዋለሁ። ሙሉ ማሊያ ምስክር ነው፤ ተጠይቆ ይመልሳል።

ለዚህ ከሩት ከራሱ ማሊያዎች የአንዱ ታሪክ ይበቃል። በ1932 በዓለም ሻምፒዮና ሦስተኛ ጨዋታ ላይ፣ ቺካጎ ውስጥ፣ ሩት በእጁ ካመለከተ በኋላ ኳሷን ከሜዳ ውጭ እንደመታት ይነገራል። በዚያ ቀን ለብሶታል የተባለው ማሊያ በ2005 በ940,000 ዶላር ተሸጠ። ከዚያ በኋላ መርማሪዎች ደረቱ ላይ የተሰፉትን ፊደላት አቀማመጥ በዕለቱ ከተነሡ ፎቶግራፎች ጋር አነጻጸሩና ማሊያው ያው መሆኑን አረጋገጡ። በነሐሴ ወር 2024 በ24.12 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ይህ ማሊያ እንደ 1925ቱ በመቀስ አልፎ ቢሆን ኖሮ መርማሪው ከፎቶግራፍ ጋር የሚያነጻጽረው ምን ነበረው? መቀሱ ጨርቁን ብቻ አይቆርጥም፤ ነገ ሊጠየቅ የሚችለውን ጥያቄም አብሮ ይቆርጣል።

ምስክሩ ከጠፋ የሚቀረው የሻጩ ቃል ነው። በካርዱ ጀርባ ላይ ኩባንያው «የእገሌ ማሊያ ነው» ብሎ ይጽፋል፤ ሸያጩም መስካሪውም አንድ ሆነ ማለት ነው። ይህ ወዴት እንዳደረሰ ደግሞ አይተናል። በ2011 እና በ2012 የአሜሪካ ፌዴራል ዐቃብያነ ሕግ፣ ተራ ማሊያዎችን በጨዋታ የተለበሱ አስመስለው ሸጠዋል ያሏቸውን ነጋዴዎች ከሰሱ፤ ከገዢዎቹ መካከል የካርድ ኩባንያዎች ይገኙበታል። ከተከሳሾቹ ጥፋታቸውን ያመኑ አሉ። ማሊያው ሙሉ ሲሆን ሐሰቱን ባለሙያ ሊደርስበት ይችላል። በካርድ ውስጥ የተለጠፈችውን ብጫቂ ይዞ የሚሟገት ግን በምን ይርታ? ኩባንያዎቹም ይህን ሳያውቁት አልቀሩም። ዛሬ በብዙ ካርዶች ጀርባ ላይ የሚነበበው ጽሑፍ፣ ጨርቁ ከየትኛውም የተወሰነ ጨዋታ ወይም የውድድር ዘመን ጋር እንደማይገናኝ የሚገልጽ ነው። ተጫዋቹ ለፎቶግራፍ ብቻ ለአፍታ አጥልቆ ያወለቀው ማሊያም ይቆረጣል። እንዲህ ያለው ቢቆረጥ የማዝንለት ነገር የለም፤ የሚገርመኝ ገንዘቡን የሚከፍለው ነው።

ስለ ፓኬቱም አንድ ቃል ልበል። ብጫቂዋ ያለችበት ካርድ በየትኛው ፓኬት እንዳለች ገዢው አያውቅም፤ ደጋግሞ የሚገዛውም ስለማያውቅ ነው። በውስጡ ያለው ያልታወቀ ሸቀጥ መሸጥ በእኛ ዘንድ «ገረር» የሚባል ስም አለው። ይህኛው የትኛው ወሰን ላይ ያርፋል የሚለውን ለዑለማዎቻችን እተዋለሁ፤ ፈትዋ መስጠት የእኔ ሥራ አይደለም። ግን ማሊያው የተቆረጠው ሕዝብ እንዲካፈለው ነው ለሚለው ባልደረባዬ መልሴ እዚህ ላይ ነው። ለማካፈል ቢሆን ኖሮ ቁራጩ በግልጽ በዋጋው ይሸጥ ነበር። የተቆረጠው ቶምቦላ ውስጥ የሚገባ ዕጣ እንዲሆን ነው።

«ገንዘቤ ነው» የሚለው የባለቤቱ መከራከሪያ ቀርቷል። ብዙ አያቆየኝም። እኛ ንብረት አማና መሆኑን እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን፤ ገንዘብን ማባከን ባለቤቱ ለራሱም ቢሆን አልተፈቀደለትም። ያንን የማይቀበል ሰው እንኳ፣ የገዛው ነገር እርሱ ከመወለዱ በፊት የነበረና ከእርሱ በኋላም ሊቆይ የሚችል መሆኑን አይክድም።

አሁን የሩት ማሊያዎች ከመቀስ የተጠበቁ ይመስላል፤ የጠበቃቸው ግን ዋጋቸው ነው። በ24 ሚሊዮን የተገዛ ማሊያ 2,100 ቦታ ቢቆረጥ አንዷ ብጫቂ ከ11,000 ዶላር በላይ ትወጣለች፤ እንዲህ ያለ ካርድ በፓኬት አይሸጥም። የእኔ ስጋት በዚያው ዘመን ተጫውተው ስማቸው ያልገነነው ነው። በቆዳ ቀለማቸው ምክንያት እስከ 1947 ድረስ ከትልቁ ሊግ ተከልክለው በራሳቸው ሊግ የተጫወቱ ጥቁር አሜሪካውያን አሉ። ከነርሱ ልብስ የተረፈው ጥቂት ነው፤ ዋጋውም የሩትን አያህልም። ቆራጩ መቀሱን ሳያነሣ በፊት ማሊያውን ለሙዚየም ይግዛችሁ ብሎ ቢያቀርብ፣ እምቢ ቢሉት እንኳ ከፊትና ከኋላ፣ ከውስጥም ከውጭም ፎቶግራፍ አንሥቶ ቢያስቀምጥ፣ በየካርዱም ላይ ቁራጩ ከየትኛው ክፍል እንደተወሰደ ቢጽፍ ምን ይጎዳዋል? ለዚህ አዲስ ሕግ አያስፈልግም። ካርዱን የሚገዙት ሰዎች ከመግዛታቸው በፊት ቢጠይቁ ይበቃል።