አንድ አንቀጽ፣ ሁለት ጎረቤት

የሰፈር መጫወቻ ሜዳ ጠብ ባስነሳ ቁጥር ነገሩ የሚቀርበው በአንድ መልክ ነው፦ ወዲህ መጫወት የሚፈልጉ ልጆች፣ ወዲያ ማረፍ የሚፈልግ ጎረቤት። ሽማግሌውም የቀበሌው ሹምም የማን መብት ይበልጣል ብሎ ይነሣል። እኔ ግን ሁለቱ የሚጠይቁት አንድ ነገር ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1948 የጸደቀው የሰብአዊ መብቶች መግለጫ በአንቀጽ 24 ዕረፍትንና የመዝናኛ ጊዜን ለሰው ሁሉ የሰጠው ባንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 31 የልጅን ዕረፍትና ጨዋታ አንድ ላይ አስሮታል። ኳስ የሚመታው ልጅም፣ ትራሱን ጆሮው ላይ የሚጭነው ጎረቤትም የሚሉት፣ ከሥራ የተረፈችኝን ሰዓት አትንኩብኝ ነው። ከሥር ያለው መብት አንድ ከሆነ ደግሞ ማበላለጡ አያስኬድም፤ ያለው መንገድ ማካፈል ነው።

አሜሪካኖች ይህን ፈተና በአንድ ጨዋታ ምክንያት አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ1965 በዋሽንግተን ግዛት፣ በቤይንብሪጅ ደሴት የተጀመረው ፒክልቦል በደረቅ መምቻና በተበሳሳ የፕላስቲክ ኳስ የሚጫወቱት ነው። በቅርብ ዓመታት በየከተማው ሲስፋፋ ሜዳ ዳር የሚኖሩ ሰዎች እስከ ፍርድ ቤት ሄደዋል። የሚያማርራቸው የድምፁ ከፍታ ብቻ አይደለም። ደረቅ፣ አጭር፣ መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ምት በመሆኑ ጆሮ ሊለምደው አይችልም። በአገራችን የድምፅ ደረጃ ለመኖሪያ ሰፈር የተቀመጠው ጣሪያ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ቁጥሩ አስፈላጊ ነው፤ ጮክ ብሎ የሚናገር ሁሉ የሚዳኝበት ልክ ያስፈልገዋል። ሰው በድምፅ የሚማረርበትን ምክንያት ግን አይነግረንም። ለዚህ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የተሻለ ይቀርባል፤ በአንቀጽ 1225 ጭስን፣ መጥፎ ሽታንና ድምፅን ሲከለክል መለኪያው መልካም ጉርብትና ነው፣ የአካባቢው ልማድም እንዲታይ ያዝዛል።

ልማዱን ወደ ፎገራ ሜዳ ወርደን እንየው። እዚያ ባለችው በወረታ ከተማ የሩዝ መፈልፈያ ሲጮኽ ሰው ይታገሣል፤ እንጀራ ነው ይላል። ልጆች ግንብ ላይ ኳስ ሲያጋጩ ግን ይቆጣል። ድምፁን የምንመዝነው በጥቅሙ ነው፤ ጨዋታን ደግሞ ከጥቅም አንቆጥረውም። እዚህ ላይ እንሳሳታለን ብዬ አምናለሁ። የድሮ ሰዎች ለጨዋታ ጩኸት ቦታ ነበራቸው፤ በገና ሰሞን መንደር ከመንደር ተከፍሎ ጥንጉን ሲያሯሩጥ፣ በዚያች ቀን ጌታም ቢሆን ሎሌው በተናገረው እንዳይቆጣ ልማዱ ይይዘው ነበር። ያ ትዕግሥት ዳር ድንበር ነበረው። ቀኑ ይታወቃል፣ ያልፋል፤ ሜዳውም ከቤት ራቅ ያለ ነው።

ዛሬ ግን ሜዳው የት አለ? በፎገራ ሩዝ ወሰደው፤ ሩዙ ወደዚያ የገባው በደርግ ዘመን ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው የሚያጥለቀልቁት፣ ቀድሞ የፎገራ ከብት ይሰማራበት የነበረ የጋራ ግጦሽ፣ ለሩዝ ተመቸና ታረሰ። ገበሬው አልተሳሳተም፤ ረግረግ ወርቅ ሲያበቅል ማን ይተዋል? ነገር ግን የከብቱ መስክ የልጁም መጫወቻ ነበር። መስኩ ሲያልቅ ጨዋታው ወደ ቤት ተጠጋ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው አስፋልት በሚሰነጥቃት ሐሙሲት ለልጅ የሚቀረው ወይ የመንገድ ዳር ነው፣ ወይ የሰው አጥር ሥር። ድምፁን ጎረቤት ላይ ያመጣው የልጁ ባለጌነት ሳይሆን የመሬቱ መጥበብ ነው። በከተማ ፕላን 30 በመቶው ለመንገድ፣ 30 በመቶው ለአረንጓዴና ለጋራ ቦታ፣ 40 በመቶው ለግንባታ ይሁን የሚለው መርሕ ትርጉም የሚኖረው ሁለተኛው 30 በሊዝ እስካልተሸነሸነ ድረስ ነው።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው፦ ቦታውን ጎረቤት አይዝጋው፣ ሰዓቱን ግን ያለ ጎረቤት ማንም አይቁረጠው። ጎረቤት ሰዓቱን አጥብቦ ጨዋታውን ይገድለዋል የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው፣ ስለዚህ ከትምህርት በኋላ ያሉት ሰዓቶችና ቅዳሜ ከሰዓት ለልጆቹ ሳይነኩ ይቆዩ። የቀረው በንግግር ይለቅ። በሰፈር ለቅሶ ሲኖር ሬዲዮ የሚዘጋው፣ አራስ ያለችበት ደጃፍ ላይ ድምፅ የሚቀንሰው በደንብ አስከባሪ አይደለም። ወጣቱ ምክንያቱን ሲያውቅ ዝም ይላል፤ የሚያስቆጣው ምክንያቱ ሳይነገረው መባረሩ ነው። ጎረቤቱም እንዲሁ፤ ሳይጠየቅ የተጫነበት ድምፅ፣ መቼ እንደሚያበቃ ከሚያውቀው ድምፅ ይልቅ ይከብደዋል።

አንድ ነገር ግን መለየት አለበት። ሜዳው እያለ አጠገቡ ቤት የሚሠራ ሰው ካርታውን ሲረከብ አይቶታልና በኋላ ይነሣልኝ ማለት አይገባውም። ሜዳው የመጣው ከቤቱ በኋላ ከሆነ ደግሞ መረቡ ከመወጠሩ፣ ጎሉ ከመተከሉ በፊት የመጀመሪያው ውይይት መካሄድ ያለበት በዚያ ሰው ደጃፍ ነው፤ አጥሩን በየት በኩል እንሥራ፣ ግብ ጠባቂው ጀርባውን ወደ ማን ይስጥ የሚለውም እዚያው ይወሰን።