በአደጋ ጊዜ ስለ መታዘዝ

ለአባት፥ ለመምህርና ለሹም መታዘዝን ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል። ነገር ግን ስሙንም ወገኑንም የማናውቀው የእሳት አደጋ ሠራተኛ ወይም የአምቡላንስ ባለሙያ ድንገት ደርሶ «ወደ ኋላ ተመለሱ፤ መንገድ ልቀቁ» ቢለን ልንታዘዘው ይገባናልን? ቢገባንስ ስለ ምን?

ነገሩን በምሳሌ ለመመልከት ወደ ባቲ እንሂድ። በባቲ የሰኞ ገበያ የአፋር፥ የኦሮሞና የአማራ ሰዎች አንዱ ግመሉን፥ አንዱ ከብቱን፥ አንዱ እህሉን ይዞ ይገናኛሉ። ከኮምቦልቻ ወደ ሚሌ የሚወርደውም መንገድ በከተማዋ ያልፋል። በዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል አንድ ሰው ታምሞ ቢወድቅ፥ የገበያው ሰው በርኅራኄ ተገፋፍቶ ይከበዋል። ሆኖም ያ ርኅራኄ ሥርዓት ከሌለው በሽተኛውን ያፍነዋል፤ ለአምቡላንሱም መንገድ ይዘጋበታል። እንግዲህ ሰውን የሚገድለው ጭካኔ ብቻ አይደለም፤ ሥርዓት ያጣ ደግነትም ይገድላል።

ሕጋችንም ይህን አልዘነጋውም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም፥ እርሱን ተክቶ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም፥ በከባድ አደጋ ላይ ያለውን ሰው ራሱን ለአደጋ ሳያጋልጥ ሊረዳው ሲችል ሆን ብሎ የተወውን ሰው ይቀጣሉ። የትራፊክ ሕግ ደግሞ ለአምቡላንስና ለእሳት አደጋ መኪና መንገድ መልቀቅን ያዝዛል። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ስለ ኮሮና ወረርሽኝ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ቁጥር 3/2012 በጸደቀ ጊዜ፥ መጨባበጥ እንኳ ተከልክሎ ነበር። ከዚህ የምንረዳው፥ መርዳት ማለት አንዳንድ ጊዜ ፈጥኖ መድረስ፥ አንዳንድ ጊዜም ፈቀቅ ማለት መሆኑን ነው።

«ነጻ ሰው ግን ምክንያቱን ሳይጠይቅ አይታዘዝም» የሚሉ አሉ። አባቶቻችን ነጻነታቸውን የሚወዱ ሰዎች ነበሩ፤ ነገር ግን «በሕግ አምላክ» ሲባሉ፥ ጥሪውን ያሰማው ድኻ መንገደኛ ቢሆንም ይቆሙ ነበር። «በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃም ይቆማል» የተባለውም ስለዚህ ነው። የሚቆሙት ለሰውየው ሳይሆን ለሕጉ ነበር። እኛም በአደጋ ጊዜ የምንታዘዘው ለደንብ ልብሱ ሳይሆን በዚያች ሰዓት ልትጠፋ ለተቃረበችው ነፍስ ነው። ጥያቄያችን ለጊዜው ይዘገያል እንጂ አይቀርም።

የማይቀርበትን ምክንያት ደግሞ ያችው ባቲ ታስረዳናለች። በ1977 ዓ.ም. በረሃቡ ዘመን፥ በባቲ በነበረው የእርዳታ ሰፈር እጅግ ብዙ ወገኖቻችን ተጠልለው ነበር። እህላቸውም ከብታቸውም አልቆ ስለ ነበር፥ «እዚህ ተሰለፉ፤ እዚያ ቆዩ» ለሚላቸው ሰው ሊሰጡት የሚችሉት እምነታቸውን ብቻ ነበር። እንዲህ ያለው እምነት ብድር እንጂ ስጦታ አይደለም። ስለዚህ አዛዡ በመጀመሪያ ትእዛዙን ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ፥ በባቲም ቢሆን በአማርኛ፥ በኦሮምኛና በአፋርኛ ሊናገር ይገባዋል፤ ያልተሰማ ትእዛዝን አልፈጸማችሁም ብሎ መቅጣት ግፍ ነውና። ሁለተኛም፥ አደጋው ካለፈ በኋላ ስላዘዘው ነገር ተጠይቆ መልስ መስጠት አለበት። ይህን እንቢ ያለ እንደ ሆነ፥ በሚቀጥለው አደጋ ቢጮኽ የሚሰማው አያገኝም።

እንግዲህ መምህራን ልጆችን ፈጥኖ መታዘዝን ሲያስተምሩ፥ ኋላ ረጋ ብሎ መጠየቅንም ያስተምሯቸው። ሹማምንትም ለመታዘዝ የፈጠነ ሕዝብ ሲያገኙ፥ ትልቅ ዕዳ እንደ ተቀበሉ ይወቁት።