ደላላ የማን ሰው ነው?

ሰው የሚፈልገውን ሁሉ በገዛ እግሩ ሄዶ፣ በገዛ ዐይኑ አይቶ፣ በገዛ አፉ ተነጋግሮ ሊፈጽም አይችልም። ስለዚህ አንዱ ሌላውን ይልካል፤ አንዱም ስለ ሌላው ይናገራል። ከዚህ መላላክ የሚወለደው ከባዱ ነገር አደራ ነው። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ያሰብነው፣ ይህ አደራ ብዙ ጊዜ በሚፈተንበት በቤት ሽያጭ ድለላ ላይ ያለንን አሳብ ነው።

ደላላ የሚለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን፣ በዚያ ቋንቋ መንገድ የሚያሳይ፣ የሚመራ እንደ ማለት ነው። በእኛ ቋንቋ ግን ደለለ ስንል አባበለ፣ አታለለ ማለታችን ነው፤ መደለያ ስንልም ጉቦን ማመልከታችን ነው። እንግዲህ በአንድ ድምፅ ውስጥ መሪና አታላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ደላላው ሥራውን ሲጀምር ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል።

ለይፋት ቆላ ሰው ደላላ እንግዳ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት በአልዩ አምባ ገበያ፣ ከታጁራ በግመል የሚመጡ ነጋዴዎችና ከሸዋ ደጋ የሚወርዱ ሻጮች ይገናኙ ነበር። ዛሬም በሰንበቴ ገበያ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ ይገበያያሉ። የአንዱን ቋንቋ ለሌላው የሚያስረዳ፣ የከብቱን ነውር የሚያውቅ፣ ዋጋውንም የሚያስማማ ሰው ባይኖር ብዙው ሻጭ ከብቱን መልሶ እየነዳ ወደ ቤቱ በገባ ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ባለችው በሸዋ ሮቢትም፣ ሽንኩርቱም ሆነ ማሾው ያለ ደላላ ከገበሬው ወደ ጭነት መኪናው የሚደርስበት ጊዜ ጥቂት ነው። ዳሩ ግን ሽንኩርት ዘንድሮ በርካሽ ቢሸጥ በሚመጣው ምርት ይካስ ይሆናል፤ ቤት ግን ብዙ ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ የሚሸጠው ነገር ነው። ስለዚህ በቤት ላይ የሚፈጸም ስሕተት መካሻ የለውም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በራሳችን ቤተ ዘመድ የደረሰውን እንናገር። በሸዋ ሮቢት የሚኖሩ አንዲት አክስታችን ዐይናቸውን ለመታከም ቤታቸውን ሊሸጡ ተነሡ። አንድ ደላላ አስጠርተው፣ «ልጄ፣ 900,000 ብር ብለህ ጀምር፤ ሕክምናው ስለሚያስቸኩለኝ 800,000 ካገኘሁ እሺ እላለሁ። ይህን ግን ላንተ ብቻ ነው የነገርሁህ» አሉት። እኛም ከአዲስ አበባ ደውለን አንድ ነገር ጨመርን፤ ይኸውም በነሐሴ ከደጋው የሚወርደው ደራሽ ውሃ እስከ ጓሮው ግድግዳ እንደሚደርስ ለገዢ እንዳይነገር ነው። ወራቱ በጋ ነበርና ጓሮው ደረቅ ነበር።

ገዢው የማሾ ነጋዴ ነበሩ። ቤቱን ባዩ በሦስተኛው ቀን ያቀረቡት ዋጋ ልክ 800,000 ብር ሆነ፤ ከዚያም በላይ አንዲት ብር አልጨምርም አሉ። ሽያጩ ተፈጸመ፤ ደላላውም እንደ ልማዱ ከመቶ ሁለት እጅ፣ ማለት ከሻጭም ከገዢም 16,000፣ 16,000 ብር ተቀበለ።

ነገሩ የገባን በኋላ ነው። ደላላውን አግኝተን ስንወቅሰው አልካደም። «ወንድሜ፣ እኔ አልዋሸሁም» አለን። «ገዢው የመጨረሻውን ዋጋ ጠየቁኝ፤ የማውቀውን እውነት ነገርኋቸው፤ የእርሳቸውንም ገንዘብ ተቀብያለሁና። ስለ ውሃው ግን እናንተ ዝም በል ብላችሁኝ ዝም አልሁ። አሁን ጥፋቴ የቱ ነው?»

መልስ አጣን። በተከታዩ ክረምት ጎርፉ መጣ፤ የጓሮውም ግድግዳ ተናደ። ነጋዴው ፍርድ ቤት አልሄዱም፤ ሽማግሌ ይዘው ወደ አክስታችን መጡ። «እትዬ፣ ቤቱን በርካሽ ገዝቼ ይሆናል፤ ነገር ግን ልጆቼ የሚተኙት በዚያ ክፍል ነበር» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልተናገሩም። ልጆቹን እግዚአብሔር አትርፏቸዋል። ሽማግሌዎቹም የመከላከያ ግንቡን ወጪ እኩል እንዲከፍሉ ፈረዱ። ምክሩ የእኛ ነበርና የአክስታችንን ድርሻ የከፈልነው እኛ ነን። ዕዳችንን ከፈልን እንጂ የደላላውን ጥያቄ ገና አልመለስንም ነበር።

ለመሆኑ ሕጋችን ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2208 ወኪል ለወካዩ ፍጹም ቅን እንዲሆን ያዝዘዋል። በአንቀጽ 2209 ደግሞ ለወካዩ ጥቅም ብቻ እንዲሠራና ወካዩ ሳያውቅ ከሥራው የግል ጥቅም እንዳያገኝ ይከለክለዋል። ቤትን የመሰለ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም ልዩ የውክልና ሥልጣን እንደሚያስፈልግ በአንቀጽ 2205 ተጽፏል። በዚያው ዓመት የወጣው የንግድ ሕግ በበኩሉ ደላላን ራሱን ችሎ የቆመ፣ ውል የሚፈልጉ ሰዎችን የሚያገናኝ ነጋዴ አድርጎ ቆጥሮት ነበር፤ ይህ ክፍል በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዲስ የንግድ ሕግ ተተክቷል። እንግዲህ ወኪልና አገናኝ ሁለት ልዩ ልዩ ሰዎች ናቸው። ወኪል የአንዱ ሰው ነው፤ አገናኝ ግን በመካከል የቆመ ነው። የእኛ ደላላ ጥፋት የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው፤ ምስጢር ሲቀበል እንደ ወኪል ተቀበለ፤ ዋጋ ሲያስማማ ግን እንደ አገናኝ ተናገረ።

በሌላውም ዓለም ይህ ነገር አከራክሯል። በአሜሪካ እንደ ኮሎራዶና እንደ ፍሎሪዳ ያሉት ግዛቶች አንድ ደላላ በአንድ ሽያጭ የሻጭም የገዢም ወኪል ሆኖ እንዳይቆም ከልክለዋል፤ በመካከል ቆሞ ማገናኘትን ግን ፈቅደዋል። አባቶቻችንም ይህንኑ ሁለት ወዶ አይሆንም በማለት በአጭሩ ገልጠውታል።

አንዳንድ ሰው «ደላላ የሁለቱም ከሆነ የሚያውቀውን ሁሉ ለሁለቱም ይንገር፤ እውነትን የመሰለ ምን አለ?» ይል ይሆናል። ነገር ግን ሁሉን የሚናገር ደላላ ማንም ምንም አይነግረውም፤ ሥራውም በዚያው ያበቃል። ሌላው ደግሞ «የተነገረውን ሁሉ ይሰውር» ይል ይሆናል። ሁሉን የሚሰውር ደላላ ግን የአታላይ ሁሉ መሣሪያ ይሆናል። መለያው መስመር የት ነው? በእኛ አስተያየት በሰውየው ችግርና በቤቱ ነውር መካከል ነው። ችግር የባለቤቱ ነው፤ ቤቱ ቢሸጥም ችግሩ ከእርሱ ጋር ይቀራል፤ ስለዚህ ገዢው ሊያውቀው አይገባውም። የአክስታችን የዐይን ሕመም ወደ ነጋዴው ቤት አልገባም። ነውር ግን የቤቱ ነው፤ ቤቱ ሲሸጥ ነውሩም አብሮ ወደ ገዢው ይሄዳል፤ ስለዚህ ገዢው ሊያውቀው መብቱ ነው። ጎርፉ ከአክስታችን ጋር አልወጣም፤ እዚያው ጓሮ ውስጥ ነጋዴውን ይጠብቅ ነበር።

ለደላላው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። መሰወር የሚገባውን ገለጠ፤ መገለጥ የሚገባውን ሰወረ። የፊተኛው ጥፋት የእርሱ ነው፤ የኋለኛው ግን የእርሱም የእኛም ነው። አደራ በላ ብለን ስንከስሰው፣ ክፉ አደራ የሰጠነው እኛ መሆናችንን ረስተን ነበር። ውሸት አደራ ሆኖ ሊሰጥ አይችልም፤ የሚሰጠው ሰው ከሚቀበለው ይልቅ ይበድላል እንጂ።

ደላላውስ ምን ማድረግ ነበረበት? በመጀመሪያው ቀን እንዲህ ቢላቸው በበቃ ነበር፤ «እትዬ፣ እኔ ከሁለታችሁም እቀበላለሁና የመጨረሻ ዋጋዎን አይንገሩኝ። ስለ ውሃው ግን ገዢው ከጠየቁኝም ካልጠየቁኝም እነግራቸዋለሁ።» ይህን ብሎ ቢሆን ኖሮ አክስታችን ምናልባት ሌላ ደላላ ይፈልጉ ነበር፤ እርሱም 32,000 ብሩን ባጣ። አደራ ዋጋ አለው የምንለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሳያስከፍል የሚጠበቅ አደራ ጥቂት ነውና።

ይህ ጉዳይ ደላላን ብቻ የሚመለከት አይምሰለን። በመሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ኋላ የተቀመጥነውም በመንግሥትና በባለጉዳይ መካከል የቆምን መልእክተኞች ነን። ባለጉዳዩ ድህነቱን ሲነግረን ምስጢሩ የእርሱ ነው፤ በየቡና ቤቱ ልናወራው አይገባንም። ነገር ግን ውሉ ወይም የቤቱ ካርታ ጉድለት ያለበት ሆኖ ሳለ ብናልፈው፣ ጎርፉ የሚመጣው በማናውቀው ሰው ልጆች ላይ ነው። የላከን ማን እንደ ሆነ፣ የምንጠብቀውስ ምስጢር የሰው ችግር ይሁን የነገር ነውር፣ በጋው ሳያልፍ ራሳችንን እንጠይቅ።