ማርዮስ በቤተ ክርስቲያን ደጅ

ቅዱስ ጳውሎስ በአቴና ሲያስተምር ከተከራከሩት ፈላስፎች መካከል የኤፊቆሮስ ወገኖች እንደ ነበሩ የሐዋርያት ሥራ ይነግረናል። እኛም ኤፊቆሮሳዊ ሲባል ለሆዱ ያደረ ሰው ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን ለዓይኑና ለጆሮው፣ ለመልካም ቃልና ለጣዕመ ዜማ ያደረም አለ፤ ይልቁንም የሚያሰጋን ይኸኛው ነው፤ በመካከላችን ቆሞ ሳናውቀው ሊኖር ይችላልና።

የኦክስፎርድ መምህር የነበረው እንግሊዛዊው ዋልተር ፔተር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1873 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ መደምደሚያ ላይ፣ ዕድሜ አጭር ስለ ሆነ እያንዳንዱን ቅጽበት በውበት ስሜት መሙላት ይገባል የሚል አሳብ ጻፈ። ኋላ ግን ወጣቶችን ያስት ይሆናል ብሎ ከሁለተኛው እትም አወጣው። የገዛ ቃሉን የሚፈራ ጸሐፊ ጥቂት ነውና ልናመሰግነው ይገባል፤ በ1888 ዓ.ም. ጥቂት ለውጦ ቢመልሰውም። በእነዚህ መካከል፣ በ1885 ዓ.ም.፣ ያንኑ አሳብ በሰፊው የመረመረበትን «ማርዮስ ኤፊቆሮሳዊ» የተባለውን ልብ ወለድ ታሪክ አሳተመ።

ታሪኩ የሆነው በንጉሠ ነገሥት ማርቆስ አውሬልዮስ ዘመን ነው። ማርዮስ የአባቶቹን አማልክት በቅንነት የሚያገለግል የገጠር ልጅ ነበረ። ወዳጁ ፍላቪያን፣ ከምሥራቅ የተመለሰው ሠራዊት ባመጣው ቸነፈር በሞተ ጊዜ ግን፣ ነፍስ ከሥጋ ጋር የምትጠፋ መሰለው፤ የዛሬን ውበት ብቻ ያዘ። መምህር ያደረገውም የቀሬናውን አሪስጢጶስን ነው። እዚህ ላይ ጥቂት እንቁም። ቀሬና የተድላን ፍልስፍና ያስተማረው የአሪስጢጶስ አገር ናት፤ የጌታችንን መስቀል የተሸከመው ስምዖንም የቀሬና ሰው ነው። ወንጌላዊው ቅዱስ ማርቆስም ትውልዱ በዚያው አውራጃ መሆኑን የእስክንድርያ አባቶች ይናገራሉ።

ማርዮስ በሮም የንጉሠ ነገሥቱ ጸሐፊ ሆነ። አንድ ቀን አራዊት ለሕዝብ መደሰቻ ሲታረዱ ፈላስፋው ንጉሥ ዓይኑን መልሶ ሲያነብና ሲጽፍ አየው፤ ክፋትን አይቶ ዝም የሚል ጥበብ ጎዶሎ መሆኑንም ተረዳ። ከዚያ በኋላ ክርስቲያኑ ወታደር ቆርኔሌዎስ ሴሲሊያ ወደምትባል መበለት ቤት ወሰደው። በዚያ የምእመናንን መቃብር አየ፣ መዝሙራቸውን ሰማ፣ ቅዳሴያቸውን ተመለከተ፤ ልቡም ተነካ። ነገር ግን ገና ውብ ነገር እንዳየ ሰው ነበረ፤ በደጅ ቆሞ ነበረ።

ምእመናን ሆይ፣ የቅዱስ ያሬድ ዜማ ሲያስለቅሰን ያን እንባ እንደ ንስሐ ቆጥረን፣ ከወንድማችን ሳንታረቅ ወደ ቤታችን የምንመለስ ስንቶች ነን? እኛ ካህናትስ፣ ድምፃችን ስላማረ ብቻ የጸለይን የመሰለን ስንት ጊዜ ነው? ዜማውን አንነቅፍም፤ ማርዮስን እስከ ደጁ ያደረሰው እርሱ ነውና። ማርዮስ ደግሞ ንኡሰ ክርስቲያን እንኳ አልነበረም፤ እኛ ግን ተጠምቀናል።

ከቆርኔሌዎስ ጋር በመንገድ ሳለ የመሬት መናወጥ ሆነ፤ ሕዝቡም በክርስቲያኖች ላይ ተነሣ፤ ሁለቱም ከሌሎች ጋር ታሰሩ። ማርዮስ ለጠባቂዎቹ ገንዘብ ሰጥቶ ወዳጁን አስፈታው፤ ራሱ በእስራት ቀረ። የጀግና ልብ አልነበረውም፤ ብቻውን በሆነ ጊዜ ታወከ፣ በመንገድም ታሞ በገበሬዎች ቤት ተጣለ።

ሳይጠመቅ ስለ ክርስቶስ ስም ደሙን ያፈሰሰውን ቤተ ክርስቲያን በደሙ እንደ ተጠመቀ ትቆጥረዋለች። ማርዮስ ግን ስሙን አልመሰከረም፤ ማመኑንም ፔተር ገልጦ አልነገረን። ስለዚህ ሰማዕት ልንለው አንደፍርም፤ ስለ ወዳጁ ያደረገውን ግን ጌታችን ከፍቅር ሁሉ በላይ አድርጎ አስተምሮታል።

ገበሬዎቹ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ይህንም ሁሉ አልመረመሩም። በጨለማው ቤት በአልጋው ዙሪያ ጸለዩለት፤ ወገናቸው መስሏቸው ምሥጢራዊውን ኅብስት በከንፈሩ መካከል አኖሩለት፤ በሞተም ጊዜ እንደ ሰማዕት ቆጥረው በስውር ቀበሩት።